ዐሥር ሴኮንድ በስድስት

የቀበሌው አዳራሽ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣
ክረምት ሲወርድበት ከበሮ ሚያስንቀው።
ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ፣ ከሥራ መልስ ማታ
ወንበሩ ግድግዳ ሥር ይደራረብና
ሃያ አንድ ሴቶች ጫማችንን በር ላይ እንደረድራለን።
የማርቆስ ብርድ አይጣል፤
ሲሚንቶው ካልሲ አልፎ አጥንት ይዳስሳል።

አሠልጣኟ አስናቁ፣ ፊሽካ ካንገቷ ላይ፣
"ጣታችሁን" አለች፣ "ከመንጋጋ በታች፣ ከጉሮሮ ጎን።
ዐሥር ሴኮንድ ቁጠሩ። በስድስት አባዙ።"
እኔ ሒሳብ ፈሪ፣
ዐሥራ አምስት ቆጠርኩ፣ ዘጠና ጻፍኩ።
ገና እግሬን ሳላነሣ፣ እንደ ቆምኩ፣ ከበሩ
ልቤ እየሮጠ ነው፤ ማን ነው ያባረረው?

ከዚያ ሳንዱቅ ወጣ፣ ከጣውላ የተመታ፤
ሦስት ደቂቃ ሙሉ፣ መውጣት መውረድ፣ መውጣት መውረድ።
ባንቺአየሁ በሁለተኛው ተቀመጠች።
"ውይ ልቤ!" ብላ ሳቀች፣ ዐይኗ ግን አልሳቀም።
ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤
ብድርና ቁጠባ ቢሮ የሰው ብር ስትቆጥር ትውላለች፣
የራሷን ትርታ ቆጥራ አታውቅም።
በደብተሩ ላይ ስሟ፣ ከስሟ ቀጥሎ አጭር መስመር።

ስፒከሩ አንድ ጎኑ ተሰንጥቋል፣
ማሲንቆ ሲገባ ይንሰቀሰቃል።
አስናቁ ከሩቅ አገር ዳንስ አላመጣችም፤
የገዛ ትከሻችንን አስቆጠረችን፦
ስምንት ወደ ግራ፣ ስምንት ወደ ቀኝ፣
አንገት ሳይሰበር ደረት ሲንቀጠቀጥ፣
ጉልበት ሸብረክ ብሎ ተረከዝ ሲረግጥ።
በሠርግ ቢሆን ሁለት ደቂቃ ነው፣
ግንባርሽ ላይ ብር ይለጠፋል፣ ያልቃል።
እዚህ አርባ ደቂቃ፤
ሸላሚ የለ፣ እልል የሚል የለ፣
ግንባር ላይ የሚለጠፈው ላብ ብቻ ነው።

እናቴ፣ "አብደሻል" አለች፣
"ሠርግ የለ፣ ክርስትና የለ፣ ለማን ነው እስክስታው?"
"ለልቤ" አልኳት።
ጎረቤት ሰማና ወሬው ሌላ ሆነ፦
"የእትዬ ዘርፌን ልጅ ልቧን ማን ወሰደው?"
አላስተባበልኩም።

በሰባተኛው ሳምንት መብራት ሄደ፣
ስፒከሩ ዲዳ።
ዝናቡ ግን ጣሪያውን ይደበድባል።
አስናቁ ፊሽካዋን ተፋች፣ አጨበጨበች፣
በዚያ ጨለማ ሃያ ትንፋሽ፣ አርባ ተረከዝ
አንድ ላይ ሲያርፍ፣
የማን ልብ የማን እንደነበር አላውቅም።

ዐሥራ ሁለተኛው ሳምንት፣ ያው ሳንዱቅ፣ ያው ሰዓት።
ባንቺአየሁ ወጣች፣ ወረደች፣ ወጣች፣ ወረደች፣
ሦስቱን ደቂቃ ጨረሰች፣
ከዚያ እንዳዲስ አለቀሰች።
የስለናት ቁጥር ግን ንቅንቅ አላለም።
"ልበ ደንዳና ነኝ" ብላ በራሷ አሾፈች፣
"እንቅልፌ ግን ተመለሰ፤ እሱን የቱ ጋ ትጽፊዋለሽ?"
አስናቁ እስክሪብቶዋን አንሥታ ቀረች።

እኔም ቆጠርኩ። ዐሥራ ሁለት። በስድስት፣
ሰባ ሁለት።
ሒሳቤን ስለማላምን ደገምኩ።
ሰባ ሁለት።
የሚያባርረው የለም፤ ልቤ እየተራመደ ነው።

እሑድ ከጨሞጋ ማዶ ለቅሶ ደርሰን ስንመለስ
ባጃጁ ዳገቱን እምቢ አለ፤ ወርደን በእግር።
እናቴ ግማሽ መንገድ ላይ ድንጋይ ፈልጋ ተቀመጠች።
"አንቺ ሂጂ፣ እደርሳለሁ።"
እኔ እያወራሁ ነበር፣ ትንፋሼ ሳይቆረጥ፤
ያንን አየች። ዝም ብላ አየችኝ።
ነጠላዋን ገለጥ አድርጌ
ጣቴን ከመንጋጋዋ በታች አሳረፍኩ፤
ሃያ ሁለት። ማባዛቱን ተውኩት።
"ምን ይላል?"
"ዳገት ወጣሁ ይላል።"

ነፋሱ ጤፉ ላይ ሄደ፣ ተመለሰ።
ነጠላዋን አጣፋች፤
ትከሻዋን አንዴ፣ እንደ በረዳት ሰው፣ ሰበቅ አደረገችው፣
ብርድ ግን አልነበረም።
"ረቡዕ ነው ያልሽው?" አለች።
"ካልሲ የግድ ነው?"